በራዲያተር ውስጥ የሚጋገር የፎገራ ጭቃ

ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐሙሲት በኩል የመጣ መኪና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የርብን ድልድይ ተሻግሮ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር ይቀጥላል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዓለም በር በኩል ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ጋይንትና ወደ ወልድያ ያመራል። ይህ ሁለተኛው በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ ነው።

ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የፎገራ ሜዳ ከተማ ናት። ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በዚሁ መንገድ ወደፊት፣ ጋይንት ውስጥ ያለችው ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ከባሕር ዳር ጀምሮ በሜዳው ሲዝናና የመጣ ሞተር ከወረታ በኋላ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ 900 ሜትር ሽቅብ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ጭነት የያዘ አይሱዙ ወይም ሰው የሞላ ሚኒባስ ዳገቱ መሐል ላይ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት ሲተፋ ማየት በዚህ መስመር ለሚመላለስ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፤ ሾፌሩ ዳገቱን ይወቅሳል።

ዳገቱ ግን ጥፋተኛ አይደለም። ቀድሞ የታመመውን ሞተር ያጋልጣል እንጂ ጤነኛውን አያሳምምም። በሽታው ከወራት በፊት፣ ምናልባትም ሜዳው ላይ፣ አንድ ሊትር ውሃ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ሲጨመር የጀመረ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከከፍታው መነሣት ይበጃል። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው የትምህርት ቤት ዕውቀት ለጅቡቲ ወደብ እንጂ ለደቡብ ጎንደር አይሠራም። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ወረታ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ደብረ ታቦር ላይ በ91፣ ነፋስ መውጫ ላይ በ90 ገደማ ይፈላል። ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቅቀው ቴርሞስታት በብዙ መኪኖች መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን እስከ መጨረሻው የሚከፈተው 95 አካባቢ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ነፋስ መውጫ የደረሰ ሞተር፣ ምንም ብልሽት ሳይኖርበት፣ በተለመደው ሙቀቱ ብቻ ተራ ውሃን ሊያፈላ ይችላል።

ይህ እንዳይሆን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ ውሃው ከአየሩ ግፊት በላይ ምን ያህል ታፍኖ እንደሚያዝ የሚናገር ቁጥር ነው። ደህና ክዳን ያለው መኪና ነፋስ መውጫ ላይ እንኳ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ጎማው የደረቀ፣ ምንጩ የላላ ወይም ከሌላ መኪና ተለምኖ የመጣ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ጥበቃ ያሳጣል። በዋጋው ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ትንሹ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ መኪና አፈላ ሲባል መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው እሱ ነው።

ከክዳኑ በታች ያለው ነገር ብዙ ይናገራል። ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን የሰደደ ሰው የመኪናውን ታሪክ በጣቱ ይዞ ይወጣል። ቀይ ቡናማ ውሃና ዱቄት የመሰለ ዝቃጭ ካገኘ የሞተሩ ብረት እየዛገ ነው። ክዳኑ ሥር ነጭ ቅርፊት ከተጋገረ የገባው ውሃ ማዕድን የበዛበት ነው። ግራጫና ለስላሳ ዝቃጭ የአሉሚኒየም መበላት ሊሆን ይችላል። ወፍራም፣ ደብዛዛ ቡናማ፣ ጣት ላይ የሚያሟልጭ ቅባት ከሆነ ደግሞ የሞተር ዘይት ከውሃው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው አስተላልፏል። የሚዝለገለግ፣ የሚጎተት ነገር ከወጣ የማይስማሙ ኩላንቶች ተደባልቀው ሊሆን ይችላል። ጥቁር፣ ታችኛው ማኒኮቶ ውስጥ የተኛ አሸዋማ ጭቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው፤ ፎገራ ላይ ከየት እንደመጣ ለመገመት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

የፎገራ ሜዳ ራሱ የተሠራው በደለል ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነስተው፣ የወጡበትን አገር አፈር ጠርገው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ የቀረውን ይዘው ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ከባድ ጎርፍ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ያ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ሲያስተዋውቁ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ፎገራ የአገሪቱ ዋና የሩዝ ምድር ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚሁ ነው። ለገበሬው በረከት የሆነው ይኸው ደለል ግን በጀሪካን ተቀድቶ ሞተር ውስጥ ሲገባ ሌላ ሥራ ይጀምራል። ከወንዝ ወይም ከቦይ የተቀዳ ውሃ ውስጥ ያለው ሸክላ እጅግ የደቀቀ ስለሆነ ፓምፑ እየዞረ ሳለ ተንሳፍፎ ይቆያል። ሞተሩ ሲጠፋ ይተኛል። የሚተኛውም በዝቅተኛው ቦታ፣ ማለትም በሞተሩ ብሎክ ሥር፣ በራዲያተሩ የታችኛው ታንክና በማሞቂያው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው።

«እኔ የወንዝ ውሃ አልጨምርም፤ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ ነው» የሚል ሾፌር ከጭቃው ይተርፋል፤ ከቅርፊቱ ግን አይተርፍም። የጣና ተፋሰስ የከርሰ ምድር ውሃ በባዛልት ድንጋይ ውስጥ ሲጓዝ ካልሲየምና ማግኒዥየም ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል። ለመጠጥ ደግ ውሃ ነው። ሲፈላ ግን ባይካርቦኔቱ ተለውጦ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ሻይ በሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ቅርፊት ማለት ነው። ልዩነቱ ማንቆርቆሪያው የሚታይና የሚፋቅ መሆኑ ነው።

ሒሳቡን ለማየት ያህል፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ቅርፊት የሚሆን ማዕድን አለ እንበል። መኪናው በየቀኑ አንድ ሊትር በእንፋሎት ያጣል፤ ረዳቱም በየቀኑ አንድ ሊትር ይጨምራል። እንፋሎቱ ማዕድኑን ይዞ አይወጣም። በዓመቱ 73 ግራም ድንጋይ ሞተሩ ውስጥ ቀርቷል። 73 ግራም ሲሰሙት ጥቂት ይመስላል፤ የሚጋገረው ግን እኩል ተሰራጭቶ ሳይሆን ሙቀቱ በበረታበት ቦታ፣ በሲሊንደሮቹ አናትና በቴስታታው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ቅርፊት ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከብረት ከ20 እጥፍ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ራዲያተሩ ንጹሕ ሆኖ፣ ሙቀት ጠቋሚውም ደህና እያሳየ፣ ብረቱ ከውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

ከሚነደው ነዳጅ ኃይል ሲሶ ያህሉ በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መውጣት አለበት። መውጫው ደግሞ ጠባብ ነው፤ የራዲያተር ጠፍጣፋ ቱቦዎች የውስጥ ስፋት ብዙ ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቃጭ በዚህኛውም በዚያኛውም ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የቀረው መንገድ ግማሹ ነው። ሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ሞተሩ ብዙ ኃይል ስለማያወጣ ግማሽ ራዲያተርም ይበቃዋል። ዓለም በርን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ግን ጠቋሚው መነሣት ይጀምራል፤ ቁልቁለት ሲያገኝ ይመለሳል። ሾፌሮች «ዳገት ላይ ትንሽ ይሞቃል፤ ሌላ ችግር የለበትም» የሚሉት ይህንኑ ነው። ችግሩ ግን ራሱ ይኸው ነው። በራዲያተሩ ፊት ላይ በእጅ ሲዳሰስ አንዱ ቦታ የሚያቃጥል ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የውስጥ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ የውሃ ፓምፑ ያለጊዜው ማንጠባጠብ ከጀመረ ዝቃጩ መንገድ እየዘጋ ነው። ፓምፑ የሚያንጠባጥበው ደለሉና የዝገቱ ዱቄት ማሸጊያውን እንደ አሸዋ ወረቀት ስለሚፍቁት ነው። መጨረሻው ቴስታታ መጣመም፣ ጓርኒሲዮን መቃጠል፣ ሲብስም የሞተር መንከስ ነው። አንድ ሚኒባስ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ በሆነበት አገር ይህ የመኪና ብልሽት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ታዲያ ለምን ኩላንት አይጨመርም? አንዱ ምክንያት ዋጋው ነው፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ሁለተኛው ግን የተሳሳተ እምነት ነው። ኩላንት ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ነገር ተብሎ ስለሚታወቅ «እኛ ጋ በረዶ የለ፤ ምን ያደርግልናል» ይባላል። እርግጥ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም፤ ይህ ለፎገራ ሰው ምንም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሌላው ሥራው ነው። ያው ድብልቅ ያለ ምንም ክዳን በባሕር ጠለል ላይ እንኳ እስከ 107 ዲግሪ ገደማ አይፈላም። ከዚህም በላይ ብረቱን፣ አሉሚኒየሙን፣ መዳቡንና ብየዳውን ከዝገት የሚጠብቁ ቅመሞች አሉበት። የሞተር ብሎክ ብረት፣ ቴስታታ አሉሚኒየም፣ የአሮጌ ራዲያተር ቱቦ ደግሞ ነሐስ ነው። የተለያዩ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሲነከሩ አንዱ ሌላውን ይበላል። ተራ ውሃ ይህን አይከለክልም፤ ኩላንት ግን ይከለክላል።

እነዚህ ቅመሞች ያልቃሉ። ለዚህ ነው ኩላንት ዕድሜ ያለው። ቶዮታ ለቀዩ ኩላንቱ 40,000 ኪሎ ሜትር ወይም ሁለት ዓመት ይሰጠዋል፤ ለሮዛማው ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 160,000፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ያዝዛል። እዚህ ላይ ቀለም ብዙ ሰው ያሳስታል። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ የሚባለው ፋብሪካው የጨመረው ቀለም እንጂ የቅመሙ መለያ አይደለም፤ ሁሉንም የሚገዛ አንድ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም። ሁለት አረንጓዴዎች ላይስማሙ ይችላሉ። አንዱ በሲሊኬት የሚሠራ፣ ሌላው በኦርጋኒክ አሲድ የሚሠራ ሆነው ከተገናኙ ቅመማቸው ይዳከማል፤ አንዳንዴም ይዝለገለጋል። የዕቃውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ካልተቻለም አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በአንድ ዓይነት መሙላት ቀለም ከማመሳሰል ይሻላል።

የራዲያተር ጭቃ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ታሪክ መነሣት አለበት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዴክስ ኩል የሚባል ብርቱካናማ ኩላንት በመኪኖቹ ይሞላ ጀመር፤ ለረጅም ዓመታት መቀየር አያስፈልገውም ተብሎም ተሸጠ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ባለመኪኖች ራዲያተራቸው ውስጥ ዝገት የመሰለ ቡናማ ጭቃ እንዳገኙ፣ ጓርኒሲዮናቸውም እንደተበላ እየገለጹ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 በስምምነት ተቋጭቶ ለባለጉዳዮቹ ከ50 እስከ 800 ዶላር እንዲከፈል ሆነ። ለእኛ ሾፌሮች ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ከጭቃው ምክንያቶች አንዱ ተብሎ የተነሣው ነው፦ የፈሳሹ መጠን ሲጎድል አየር ይገባል፤ አየርና ሙቅ ኩላንት በብረት ላይ ሲፈራረቁ ዝቃጩ ይበዛል። አዲሱና ውዱ ኩላንት እንኳ ጎድሎ ከተነዳ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጎደለውን ከመሙላት በፊት ለምን ጎደለ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ማቀዝቀዣው የታሸገ ሥርዓት ነው፤ ውሃ ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ።

ቀዳዳውን በዱቄት መድፈንም የተለመደ ነው። ማፍሰስ የሚያቆም ዱቄት ወይም ፈሳሽ ጨለማ መንገድ ላይ ቆሞ ለቀረ ሰው ቤት ያደርሳል፤ ይህን አገልግሎቱን መካድ አይቻልም። ቤት ከደረሱ በኋላ ግን መውጣት አለበት፤ የሚያፈሰውን ቀዳዳና የራዲያተሩን ጠባብ ቱቦ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቴርሞስታት አውልቆ መጣል ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ሜዳው ላይ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ቶሎ ያረጃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ፣ በተለይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ እንዲዘጋ ተደርጎ በተሠራባቸው፣ ሲወልቅ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ሙቁ ውሃ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ ተብሎ የተወለቀው ዳገት ላይ ይብሱን ያፈላዋል።

ፎገራ ላይ ራዲያተር ከውጭም ይታፈናል። ከኅዳር ጀምሮ ሩዝ ሲታጨድ፣ ሲወቃና ሲፈተግ ሜዳውና ከተማው በገለባና በቅርፊት ብናኝ ይሞላል። የመፈተጊያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ጭነት የሚጠብቅ መኪና ማራገቢያው ያንን ብናኝ እየሳበ የራዲያተሩን ክንፎች ያለብሳል። የሩዝ ቅርፊት ሲሊካ የበዛበት ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም፤ ዘይት የነካው ቦታ ላይ ከተለጠፈ በዝናብ አይለቅም። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው አለ። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም አቅጣጫውን ማወቅ ይጠይቃል፤ ውሃው ወይም የተጨመቀው አየር ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ መነፋት አለበት። ከፊት ለፊት በላቫጆ ፓምፕ መምታት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፤ ስሱን ክንፍም ያጥፈዋል።

ከመኪና ያላነሰ የሚጎዱት የገጠሩ ሞተሮች ናቸው። ክፍት ጋን ያላቸው አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት ውሃውን በማፍላትና በማትነን ነው፤ ስለዚህ በሥራ ቀን ደጋግመው ውሃ ይጠጣሉ። ውሃው የሚቀዳው አጠገባቸው ካለ ቦይ ነው። ተኖ የሚሄደው ንጹሑ ውሃ ብቻ በመሆኑ ደለሉና ማዕድኑ ሁሉ ጋኑ ውስጥ ይቀራል። የባለሞተሩ ዕድል ጋኑ ክፍት መሆኑ ነው፤ ከላይ ያያል፤ ከታች የማፍሰሻ ብሎን አለው። በየሳምንቱ ሥራ ሲያበቃ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያንን ብሎን ፈትቶ ዝቃጩን ማስወጣትና ከቦይ የተቀዳውን ውሃ አሳድሮ፣ አጥልሎ መሙላት ምንም ወጪ የለውም።

የመኪናው እጥበት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት። ታፍኖ የቆየ የ110 ዲግሪ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። እንዲህ የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ሊጥ መቀባት የለበትም፤ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱበት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው የሚገባው። የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥም ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩ የታች መፍሰሻና የብሎኩ ብሎን ይፈታሉ። ብዙ ጋራዥ የራዲያተሩን ብቻ ፈትቶ ይረካል፤ ከባዱ ዝቃጭ ግን ብሎኩ ሥር ነው። ቴርሞስታቱ ለጊዜው ይወልቃል፤ ማሞቂያው እስከ መጨረሻ ይከፈታል፤ ከዚያ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ከተለመደው አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ከታችኛው ማኒኮቶ ወደ ላይኛው፣ በቧንቧ ተራ ግፊት ይሰደዳል። ራዲያተሩ፣ ብሎኩና ማሞቂያው ለየብቻ ቢታጠቡ የአንዱ ጭቃ ወደ ሌላው አይገባም። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ይቀጥላል።

ለዝገትና ለቅርፊት ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ ወይም ደካማው ሲትሪክ አሲድ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ማለቅለቅ ግድ ነው። የባትሪ አሲድ ግን አይነካም። ኮስቲክ ሶዳም እንዲሁ፤ ለጥንቱ የነሐስ ራዲያተር ያገለግል የነበረው ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሲበላውም በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ዘይት ለገባበት ደግሞ አረፋ የማያበዛ ቅባት አጣቢ ይፈለጋል፤ ዘይቱ የገባበት ምክንያት ሳይጠገን ቢታጠብ ግን ከንቱ ድካም ነው። የነሐስ ራዲያተር ታንኩ በብየዳ ስለተያያዘ ባለሙያ ከፍቶ ቱቦዎቹን በቀጭን ዘንግ ሊጠርግ ይችላል። የፕላስቲክ ታንክና የአሉሚኒየም ቱቦ ያለው የዛሬው ራዲያተር እንዲህ አይከፈትም፤ ታጥቦ ካልለቀቀ መቀየር ነው።

መካኒኩ ለባለመኪናው አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባ ነገር አለ። ለዓመታት በዝገት የኖረ ሥርዓት ሲታጠብ ዝገቱ ራሱ ደፍኖት የነበረ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል። ይህ የአጣቢው ጥፋት አይደለም፤ ሳይነገር ከቀረ ግን ጠብ ያመጣል። እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ደግሞ ቶሎ ከመንገድ አይጠፋም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እጅግ አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ የዛገውን የማጠብ ወይም ያለማጠብ ውሳኔም ብዙ ጋራዥ ውስጥ ይጠብቃል። በምትካቸው የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በፈሳሽ ነው፤ ጀሪካኑ ከእነሱ መራቅ አለበት።

እጥበቱ አልቆ ቴርሞስታቱና ብሎኖቹ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ሲሞላ ንጹሑ ኩላንት ይቀድማል። ከታጠበ በኋላ ብሎኩ ውስጥ የሚቀር ውሃ ስላለ፣ ሥርዓቱ 8 ሊትር የሚይዝ ከሆነ መጀመሪያ 4 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ገብቶ ቀሪው በውሃ ይሞላል። ተበርዞ የተሸጠ ከሆነ ግን እንደገና አይበረዝም። ውሃው የተጣራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ «የባትሪ ውሃ» ሲገዛ አሲዱ ሳይሆን የተጣራው ውሃ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እሱ ካልተገኘ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኘው ፎገራ የራሱ መልስ አለው። ጣራው በመጀመሪያው ዝናብ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ማዕድን የለበትም ማለት ይቻላል። በበጋ ደግሞ የጉድጓዱን ውሃ አፍልቶ፣ አሳድሮ፣ የተኛውን ሳይነኩ ላይ ላዩን መቅዳት ቅርፊት የሚሆነውን ብዙውን ክፍል ድስቱ ውስጥ ያስቀረዋል። ከዚያ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ እየሠራ አየሩ ይወጣል፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የጎደለው ይሞላል።

የቀረው ከመኪናው ሥር ባልዲ ውስጥ ያለው አሮጌ ፈሳሽ ነው። ቦይ ውስጥ መድፋት በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም በዚህ ሜዳ ላይ ከባድ በደል ነው። የወረታ ቦይ ወደ ሩዝ ማሳው ይወርዳል፤ ከማሳው ባሻገር ወላላና ሸሸር የተባሉት የወፎች ረግረጎች አሉ፤ ከዚያም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ክልል ብሎ የመዘገበው ጣና አለ። ኩላንቱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው። ላምም ውሻም ሕፃንም ይጠጣዋል፤ በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ ኩላሊት የሚዘጋ ክሪስታል ይሠራል። በወተቷ ስሟ ለተጠራው የፎገራ ላም ጋራዥ ደጃፍ ላይ የተተወ አንድ ባልዲ በቂ ሞት ነው። ፈሳሹ ክዳን ባለው ጀሪካን ተሞልቶ፣ መርዝ መሆኑ ተጽፎበት፣ ልጅና ከብት ከማይደርሱበት መቀመጥ አለበት፤ ያንን ጀሪካን አጥቦ ለውሃ መቅጃ መጠቀምም አይገባም። የጠጣ ሰው ወይም ከብት ካለ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም። መጀመሪያ ላይ እንደ ስካር ያለ ነገር ብቻ ስለሚታይ ያዘናጋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ኩላሊት ሳይጎዳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተሰጠ ነው፤ ስለዚህ የኩላንቱን ዕቃ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድና የተጠጣው ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።